የጮቄ ቸርኬ



እዚህ አማኑኤል መጥቼ እንድናገር የግብዣው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ርእሱ «ብስክሌትና ጤና» የሚል ነበር። ለአዘጋጆቹ ደወልኩና «ስለ ጤናው ሐኪም ይናገርበት፤ እኔን ስለ መንገዱ አናግሩኝ» አልኳቸው። እሺ ብለውኛል፣ አመሰግናለሁ። እንግዲህ የዛሬው ነገሬ አንድ ነው፦ እሳተ ገሞራ በሠራው ምድር፣ መኪና በማይበዛበት ጸጥ ያለ መንገድ፣ በብስክሌት መሄድ።

እሳተ ገሞራ ስል ከመካከላችሁ ኤርታሌን ያሰበ አለ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። አፋር ድረስ አትሂዱ። የማወራው አሁን የተቀመጣችሁበት አግዳሚ እግሩን ስለ ተከለበት ምድር ነው።

በሦስት ነገር እሄዳለሁ። መጀመሪያ ስለ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ ስለ መንገዱ፣ በመጨረሻ ስለ ሰዉ። መንገዱ ላይ ብቆይባችሁ አትታዘቡኝ፤ ብስክሌተኛ ነኝ።

ስለ ድንጋዩ ልጀምር። እናቶች፣ እናንተን ልጠይቅ። ለወፍጮ የሚሆን ድንጋይ ስትመርጡ የትኛውን ነው የምታነሡት? ጥቁሩን፣ ከባዱን፣ ቶሎ የማያልቀውን። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት አንዳንዱ ፊቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፣ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን። ይህን ያልኩት ነገር ለማሳመር አይደለም። የእንጀራ ዓይን የሚወጣው ሊጡ ውስጥ ያለው አየር ምጣዱ ሲግል ሽቅብ ሲያመልጥ ነው። የድንጋዩም ዓይን እንደዚያው ነው የወጣው። ቅልጡ አለት ውስጥ የነበረው ጋዝ ላምልጥ ሲል አለቱ ቀዘቀዘበት፤ ቀዳዳው እንዳለ ቀረ። ሊቃውንቱ ባዛልት ይሉታል። እናንተ ወፍጮና መጅ አድርጋችሁት ኖራችኋል፤ ካብ ክባችሁበታል፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሠርታችሁበታል። ሲለሰልስባችሁ ወቅራችሁ የምትስሉት የእሳት ልጅ ነው።

እንዴት መጣ? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ የደጋ አገር መሬቱ ተሰነጠቀና ቅልጥ አለት ፈሰሰ። አንድ ተራራ ፈንድቶ አይደለም፤ ከስንጥቁ እየገነፈለ፣ አንዱ ንጣፍ ሲደርቅ ሌላው በላዩ እየፈሰሰ ነው የተደራረበው። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በመኪና የወረደ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል፣ ባያስተውለውም። ከአፋፉ ጥቁሩ ድንጋይ ነው። ዝቅ ሲሉ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ እሱ የባሕር ልጅ ነው፣ ያ ቦታ አንድ ዘመን ባሕር ነበር። ከዚያ ጂፕሰሙ፣ ወደ ታች ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋዩ። ወደ ወንዙ በወረድን መጠን ወደ ጥንቱ እንሄዳለን። እኛ የምናርሰው የመጨረሻውን፣ የላይኛውን ንጣፍ ነው።

በዚያ ንጣፍ ላይ ደግሞ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጮቄ ተነሣ። ጮቄን የሚያጠኑ ሰዎች ዓይነቱን «ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ» ይሉታል። ይህን ስም ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ጋሻን ለጎጃም ሰው ማን ያስተምረዋል? ጋሻ ወስዳችሁ መሬት ላይ ድፉት። መሃሉ ጉብ ያለ፣ ዙሪያው እየሰፋና ዝቅ እያለ የሚሄድ፣ ጫፉ ከመሬት ጋር የሚገጥም። ያ ነው ጮቄ። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ጠርዙ ደግሞ እዚህ፣ እግራችን ስር። አማኑኤል ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ በጋሻው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት።

ድንጋዩን እዚህ ላይ ልተወው። ወደ መንገዱ እንሂድ።

ብስክሌት የተማርኩት ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ ነው። ብስክሌት የሚያከራይ ሰው ነበር፤ በስሙኒ አንድ ዙር። ዙሩ ከሱቁ በር ተነሥቶ እስከ አደባባዩ ደርሶ መመለስ ነው። ሰውዬው ሰዓት አይቶ አያውቅም፤ ግን በቆየንበት ልክ ጆሯችንን ይቆነጥጥ ነበር። ፍሬኑ አይሠራም። ፍሬናችን ጫማችን ነበር፤ የኋላ ጎማው ላይ ሶላችንን አስጠግተን ነው የምናቆመው። እናቴ ጫማዬ ለምን ከአንድ ጎን ብቻ እንደሚያልቅ ሳይገባት ኖራለች። ያኔ ያየሁት መንገድ የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያጓጓ ነበር፤ መኪናው ጥቂት ነበርና።

ዛሬ ከማርቆስ በአማኑኤል፣ በደንበጫና በጅጋ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን አስፋልት ታውቁታላችሁ። ሲኖው አለ፤ ሕዝቡ ለምን «ቀይ ሽብር» ብሎ እንደሰየመው አልነግራችሁም። አይሱዙው አለ። ዶልፊኑ አለ፤ ረዳቱ ግማሽ ገላው በመስኮት ወጥቶ። የመንገዱ ዳር ደግሞ ለእግረኛ፣ ለአህያና ለጋሪ ነው። እዚያ ላይ ብስክሌት መንዳት ይቻላል፤ እኔም ነድቻለሁ። ግን ዓይን ኋላ፣ ልብ አፍ ላይ ሆኖ ነው። ጮቄን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ያየሁት የአስፋልቱን ነጭ መስመር ብቻ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ካርታ ዘርግቼ የዚህን አገር ወንዞች በጣቴ ስከተል አንድ ነገር ገባኝ፤ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁት እንድትወጡ የምፈልገው እሱን ነው። ሙጋ ከጮቄ ተነሥቶ በደጀን አቅራቢያ ያልፋል። ጨሞጋ በማርቆስ። ጀደብ በእናንተው ደጅ፣ በአማኑኤል። ተምጫ በደንበጫ፣ ብር በጅጋ። ሁሉም ከመሃል ተነሥተው ወደየአቅጣጫቸው ወርደው ዓባይ ይገባሉ። ይህን ወረቀት ላይ ስትስሉት ምን ይወጣል? የብስክሌት ጎማ! ጮቄ እምብርቱ ነው። ወንዞቹ ከእምብርቱ ወደ ዙሪያው የተወጠሩት ሽቦዎች ናቸው። ቸርኬውስ? ቸርኬው አስፋልቱ ነው። ደጀን አካባቢ ይከፈላል፤ አንዱ በማርቆስና በአማኑኤል በምዕራብ ይዞራል፣ ሌላው በቢቸናና በሞጣ በምሥራቅ ይዞራል፣ ባሕር ዳር ላይ ይገናኛሉ።

አሁን የብስክሌተኛውን ጉልበት አስቡት። በቸርኬው ላይ፣ ማለትም በአስፋልቱ ላይ የሚሄድ ሰው እያንዳንዱን ሽቦ ይሻገራል። ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ ድልድዩን ያልፋል፣ ይወጣል፤ ደግሞ ይወርዳል። ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ከፍታ ግን አያተርፍም። በሁለት ወንዞች መሃል ባለው ጀርባ ይዞ ወደ እምብርቱ የሚወጣ ሰው ግን ወንዝ አይሻገርም። ጋሻው ራሱ ቀስ እያለ ያነሣዋል። ሒሳቡን እንሥራው፦ በ25 ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር ከፍ ብትሉ ዳገቱ 4 በመቶ ነው። 4 በመቶ ዳገት ደግሞ እያወሩ የሚወጡት ዳገት ነው። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ቀስ በሉ።

መኪናው የት ነው? ቸርኬው ላይ። ከተማ ከከተማ የሚያገናኘው እሱ ነዋ። ወደ መሃል የሚወጡት ፒስታዎች ግን ጸጥ ያሉ ናቸው። የገበያ ቀን ካልሆነ ሰዓት ሙሉ ሄዳችሁ አንድ ሞተር ሳይክል ቢያልፋችሁ ነው። ከማርቆስ በሮብ ገበያ አድርጎ ጮቄን አቋርጦ ወደ ድጓ ጽዮን የሚወርደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በገጠር መንገድ ፕሮግራሙ ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት ብዙ ጥርጊያ ወጥቷል። አንዳንዱን ጎርፍ ወስዶታል፣ አንዳንዱ በደንብ አልተጠቀጠቀም፤ ለመኪና አይመችም ብለን እናማርራለን። ማማረሩ ልክ ነው፤ ማዳበሪያ ይግባበት፣ ድንች ይውጣበት እንጂ! እኔ የምላችሁ መኪናው እስኪበዛበት ድረስ ያ መንገድ ባዶ እጁን አልተቀመጠም ነው። ሌላው ዓለም በገንዘብ የሚፈልገውን ጸጥታ ይዟል።

አንድ እሑድ ጠዋት ልውሰዳችሁ። ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ደርቋል፣ አቧራው ገና አልተነሣም። በዓመቱ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ወር የለም። ሱሪዬን ካልሲዬ ውስጥ ከትቻለሁ፣ ካቴናው እንዳይበላው። የጎማውን ነፋስ ትንሽ ቀንሻለሁ፤ ጠጠር ላይ ደረቅ ጎማ እጅ ያደነዝዛል። ከተማው ከኋላዬ ቀረ። መጀመሪያ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የአስፋልቱ ሆይ ሆይታ ነበር፤ እሱም ጠፋ። ከዚያ የካቴናው ድምፅ መጣ፤ ጥርሱ ላይ ሲቀመጥ ቅጭ ቅጭ ይላል። ከዚያ ትንፋሼ። ከዚያ ከሩቅ ቅዳሴ። ሁለት ወንዝ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ ከታች ሲጮሁ ይሰማል። ዓይን ነጻ ስትሆን ብዙ ታያለች። ታች ቀይ አፈርና ጤፍ ነበር። ከፍ ሲል ስንዴ ሆነ። ከዚያ ድንችና ገብስ፣ ከገብሱ ጋር እንግዶ። ባሕር ዛፉ እየሳሳ ሄደ። ከላይ አስታው፣ ጓሳው፣ በመጨረሻም ጅብራው፤ ሰው ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል፣ በተለይ ጉም ውስጥ። በሁለት እግር ጉልበት፣ በግማሽ ቀን፣ አራት አየር ንብረት።

መንገድ ላይ አንድ አባት ፈረሳቸውን እየሳቡ አገኘኋቸው። ቆመው አዩኝና «ወዳጄ፣ ይሄ ፈረስዎ ምን ይበላል?» አሉኝ። «እኔን ነው የሚበላው» አልኳቸው። እስካሁን ሲያገኙኝ «ጨረሰዎት ወይስ ተረፉ?» ይሉኛል።

ለሚወርድ ሰው አንድ ማሳሰቢያ፤ ይህን በቀልድ አታልፉት። የወጣችሁትን ሁሉ ትወርዳላችሁ። ፍሬን አንቆ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፣ ካላማዳሪያውም ሊፈነዳ ይችላል። እየያዛችሁ እየለቀቃችሁ ውረዱ። የጫማ ፍሬን ለማርቆስ አደባባይ እንጂ ለጮቄ አይሆንም።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ልናገር ነው። «መኪና የሌለበት መንገድ» ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ እንደጠቆረ አላጣሁትም። ግጭቱ ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ እኛ አገር «ዛሬ መንገዱ ላይ መኪና የለም» ሲባል ብስክሌቱን የሚያወጣ የለም፤ በሩን ነው የሚዘጋ። ምጥ የያዛት ሴት ሆስፒታል የማትደርስበት፣ ተማሪ ፈተናው የሚያልፍበት ዝምታ ነው። እኔ የምለው ጸጥታ እሱ አይደለም። እሱ የፍርሃት ነው። እኔ የምለው ሰዎች ተማክረው፣ ቀንና ሰዓት ቆርጠው፣ አምቡላንስ የሚያልፍበትን ትተው፣ ወደውና ፈቅደው የሚያመጡትን ነው። ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ አይደለም። በአንደኛው ቀን እናት ልጇን ወደ ቤት ትጠራለች፤ በሁለተኛው ቀን ወደ ደጅ ትሰደዋለች። መንገዱ ሰላም ሳይሆን ውጡ አልላችሁም። ግን ሰላም ሲሆን ምን እናድርግበት የሚለውን ከአሁኑ መነጋገር ነውር የለበትም።

ወደው የሚያመጡት አገሮች አሉ። የኮሎምቢያዋን ቦጎታን እዩ። ከፍታዋ 2,600 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከማርቆስ ብዙ አትርቅም። በ1974 የተጀመረ ልማድ አላት፣ በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ ዛሬ እሑድና በዓል ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለመኪና ይዘጋል። በአሜሪካ ኦሪጎን ግዛት ክሬተር ሌክ የሚባል ሐይቅ አለ፤ እሳተ ገሞራ ተንዶ የሠራው፣ ወደ 594 ሜትር የሚጠልቅ። በዓመት ሁለት ቅዳሜ፣ በሴፕቴምበር፣ የምሥራቁን የሐይቅ ዳር መንገድ ለመኪና ይዘጉና ለብስክሌትና ለእግረኛ ይለቃሉ። እኛስ? በአገው አዊ፣ ከእንጅባራ አለፍ ሲል ዘንገና አለላችሁ። ቅልጥ አለትና የመሬት ውስጥ ውሃ ተገናኝተው ፈንድተው የቆፈሩት ጉድጓድ ነው። ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ይባላል። ስንቶቻችን ነን ከመኪናው መስኮት አይተን «ደስ ሲል!» ብለን ያለፍነው?

ስለ ከፍታ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። በቱር ደ ፍራንስ የሚወዳደሩ ታላላቅ ብስክሌተኞች ከውድድሩ በፊት የካናሪ ደሴቶች ውስጥ ያለ ቴይዴ የሚባል እሳተ ገሞራ ላይ ወጥተው ይሰፍራሉ። 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ባለ ሆቴል ሳምንታት ያድራሉ፤ አየሩ ሲሳሳ ደማቸው ኦክስጅን መሸከሙን ያበረታዋልና። እናንተ ያን ያህል ከፍታ ላይ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ በየሌሊቱ የምትተኙት በነጻ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ ሰዉ ነው።

ብስክሌት የእኛ አይደለም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ነው፤ ከሄዱት መካከል ገረመው ደንቦባ የሚባል ብስክሌተኛ ነበር። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ባሕር ዳር የሄደ ሰው ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ቀሚስ የለበሰችው ሴት ሳይቀሩ በብስክሌት ሲሄዱ አይቷል። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ልጆች አስፋልት ላይ ተንከባለሉ። ስለዚህ አማኑኤል ላይ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ የሚያፏጭ ጎረምሳ ካለ የሚያፍረው እሱ ይሁን።

አሁን የራሳችንን ጉድ እናውራ። ከካይሮ ተነሥተው እስከ ኬፕታውን አፍሪካን በብስክሌት የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ፤ ጉዞው ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበረ። ለዓመታት በመተማ ገብተው፣ በጎንደርና በባሕር ዳር አድርገው፣ በእናንተ ደጅ አልፈው ዓባይ በረሃን ይወርዱ ነበር። ያንን ዳገት መውጣት ለእነሱ በሰዓት የሚለካ ውድድር ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሲያወሩ ሁለት ነገር አይረሱም፤ አንደኛው የመልክዓ ምድሩ ውበት፣ ሁለተኛው ልጆች የሚወረውሩት ድንጋይ። እሳት የሠራውን ያንኑ ድንጋይ!

በእኔም ደርሶብኛል። አንድ ኩርባ ላይ ድንጋይ መጥታ የኋላ ጎማዬን ሽቦ መታችው፤ ቿ አለ። ወረድኩና ዞር ስል አንድ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ ከነጅራፉ ሽቅብ ይሮጣል። ተሳድቤ ልሄድ አስቤ ነበር። ከዚያ ድካሙ አሸነፈኝና ብስክሌቱን መሬት ላይ አጋድሜ ካብ ላይ ተቀመጥኩ። ዳቦዬን አወጣሁ። አልሄድኩም። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ልጁ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ብቅ አለ። ትንሽ ቀረበ። ደግሞ ቀረበ። ዓይኑ እኔ ላይ አይደለም፤ ደወሉ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ንካት።»

ነካት፤ ቃጨለች። ከብቶቹን ረሳ። ዳቦውን ተካፈልን፣ ከዚያ ኮርቻው ላይ አስቀምጬ ከኋላ ይዤው አንድ ዙር አዞርኩት። ስሙኒ አላስከፈልኩትም። ስንለያይ ጓደኞቹን ጠርቶ «ይሄ የኔ ሰውዬ ነው» አላቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ኩርባ ድንጋይ መጥቶብኝ አያውቅም።

ድንጋዩ የጥላቻ አልነበረም። ሲያልፍ የሚታይ፣ የማይቆም፣ የማይነካ ነገር ላይ የተወረወረ ነበር። መኪና አይቆምም፤ ብስክሌት ግን መቆም ይችላል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። የከተማው አስተዳደር ሰዎች እዚህ አላችሁ፦ በወር አንድ እሑድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ከአስፋልቱ ወደ ጮቄ ከሚወጡት ፒስታዎች አንዱን ለብስክሌትና ለእግረኛ ብቻ አድርጉት። በጀት አይጠይቅም፤ ሁለት ገመድና ሁለት ቅን ሰው ይበቃዋል። መምህራን፦ ጂኦግራፊ የምታስተምሩ በተለይ፣ ስለ ጮቄ የተጻፈውን ገጽ አንድ ቀን እዚያው ጮቄ ጎን ላይ አስተምሩት። አባቶች፦ አደራ፣ እረኞቻችሁን ስለ ድንጋዩ ምከሩልኝ። ወጣቶች፦ ብስክሌት ያለው ለሌለው ያውስ።

እኔ መንገዱ ሰላም ከሆነ የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀደብ ድልድይ አጠገብ እገኛለሁ። ከዚያ ወደ ላይ ነው። እስከ 5 ሰዓት እንመለሳለን። ዳቦ እኔ ይዣለሁ። የጎማ መንፊያ ያለው ሰው ግን ይዞ ይምጣ፤ የእኔው ተበላሽቷል።